የጋሩማ የዱቄት ጋራ

ጋሩማ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ከሩቅ ይታወቃል። ቅንድቡ፣ የጆሮው ፀጉር፣ የጫማው ማሰሪያ ሳይቀር በዱቄት ነጭ ነው። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ የእኔንና የእነሱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ፣ እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ልብሱን ሲያራግፍ ዱቄቱ አጥር ተሻግሮ እኔ ያሰጣሁት ነጠላ ላይ ያርፋል። ሚስቱ ሎሚ ትጮህበታለች።

"አባ ሲና! እታች ወርደህ አራግፍ ስንቴ ልንገርህ?"

"እሺ ሀደ ሲና፣ እሺ" ይላል። የሲና እናት ማለቱ ነው። በልጅ ስም መጠራራት ደንባቸው ነው፤ ሲና ደግሞ አንድ ልጃቸው ናት።

ሰውየው ደግ ሰው ነው። ጎረቤት ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ ድሃ ሴት እህል ይዛ ስትመጣ ተራ የሚያስቀድም ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቀጥሎ የምናገረው ነገር የሚያስጠይፍ ስለሆነ፣ አንባቢ ሰውየውን ከነገሩ ጋር አብሮ እንዳይጠየፈው ብዬ ነው። እኔ ራሴ መለየት ያቃተኝ ጊዜ ነበር።

በወጣትነቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ድሬዳዋ አካባቢ ሰፍሮ ነበር። ከዚያ ይዞ የመጣው ወባና ባቡር ነው። ወባው ለቀቀው፤ ባቡሩ ግን አልለቀቀውም። ወለጋ ውስጥ ባቡር የለም። ገጠር ያሉ ሽማግሌዎች ዛሬም ወፍጮውን ባቡር ስለሚሉት፣ ጋሩማ ቤቱ ውስጥ ባቡር ሠራ ሲባል በቆሎ ተሸክመው ከጉቶ ጊዳ የመጡ ሴቶች እንደነበሩ ሎሚ ትናገራለች። እሱ የሠራው ግን ጠረጴዛ ላይ የሚሄድ፣ በክንድ ልክ የሆነ ባቡር ነው።

አሠራሩን በደንብ አይቻለሁ። ሐዲዱ የጃንጥላ ዘንግ ነው። ነቀምቴ ዝናብ ስለማይጠፋባት ክረምቱ ሲወጣ የተሰበረ ጃንጥላ በየቦዩ ወድቆ ይገኛል። አውቶብስ ተራ አጠገብ ጃንጥላና ጫማ የሚጠግነው መሸሻም መጠገን ያልቻለውን ያስቀምጥለታል። ከሐዲዱ ሥር የሚረበረበው እንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ስቴኪኒ ነው፤ አንድ በአንድ በሙጫ የተጣበቀ። ባቡሩ የሳርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማው የስፌት መኪና ክር የሚጠቀለልባት ክብ ብረት፣ ሞተሩ ከተበላሸ ቴፕ የወጣ፣ ኃይሉ ከባጃጅ ባትሪ ነው። የመስኮቶቹ ጠርዝ በምላጭ ተቆርጦ በአሸዋ ወረቀት ተሞርዷል። እጁ ንጹሕ ነበር ማለት ይቻላል፤ ያን ጊዜ።

ጊዜውን የሚያካፍለው እንደ ወቅቱ ነው። ከኅዳር ጀምሮ አዲሱ በቆሎ ሲገባ ወፍጮው ፋታ የለውም፤ ሲመሽ ይመጣል፣ ራቱን ቁጭ ብሎ እያንቀላፋ ይበላል፣ ባቡሩን ዞር ብሎም አያየውም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ሎሚ ከመዘምራኑ አንዷ ስለሆነች ቶሎ አይመለሱም። ከዚያ በኋላ ግን ያለችውን ሰዓት ልብሱን ቀይሮ ባቡሩ ወዳለባት ክፍል ይገባል። ክረምት ላይ በየቤቱ እህል ሲያልቅ ወፍጮው ቀዝቀዝ ይላል፤ መብራትም ይጠፋል። ያኔ ነው የእሱ ወቅት። ክረምት ደግሞ ሐዲዱን ያዝገዋል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሐዲዱን በአሸዋ ወረቀት ያሻል። ግድግዳዬ ላይ ጆሮዬን ሳላስጠጋ እንኳ ያ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሽር፣ ሽር፣ ሽር።

ክፍሏ የሲና ነበረች። ሲና ኢቢሳ የሚባል ጨዋ ልጅ አግብታ ጊምቢ ስትሄድ፣ አባቷ አልጋዋን ፈቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና በርሜሎች ላይ ጣውላ አጋድሞ ክፍሏን ሞላው። መስመሩንም ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ አደረገው። በበሩ በኩል ነቀምቴ፣ በመስኮቱ በኩል ጊምቢ፣ መሐል ላይ የዲዴሳ ወንዝ ከነድልድዩ፣ ከዲዴሳ ወዲያ ደግሞ ዋሻ ያለው ትልቅ ጋራ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ጋራ ነው።

ሌላ ሰው ጋራ ልሥራ ቢል ጭቃ ያቦካል፤ አቅም ካለው ስሚንቶ ይገዛል። ዕድሜውን ወፍጮ ቤት የጨረሰ ሰው ግን እጁ የሚሄደው ወደ ዱቄት ነው። ወፍጮው ሲቆም ከድንጋዩ ዙሪያና ዱቄቱ ከሚወርድበት ቋት ሥር የሚጠረግ ነገር አለ። የበቆሎ፣ የማሽላ፣ የጤፍ፣ አንዳንዴም የበርበሬ ድብልቅ ነው፤ አቧራም፣ የነቀዝ ሬሳም አለበት። ሌላው ለዶሮ ይሰጠዋል። ጋሩማ ግን በማዳበሪያ እያደረገ አምጥቶ፣ በፈላ ውኃ እያቦካ፣ ጋዜጣና የጆንያ ቁራጭ እየነከረ ጋራውን ቆለለው። ውስጡ ክፍት እንዲሆን በቀርከሃ ደገፈው። ሲጠነክርለት ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ በር የተረፈ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ደራርቦ ቀባው። እርጥበቱ ሳይወጣ ከላይ ታተመበት ማለት ነው።

መጀመሪያ ሲያሳየኝ ጋራው አማረኝ። ከጋራው ግርጌ ያለው ዲዴሳ ግን ያን ጊዜም አስጠልቶኛል። ወንዙ የቆርቆሮ ትሪ ነው፤ እውነተኛ ውኃ ተሞልቶበታል። ውኃው ከተሞላ ወዲህ የተለወጠ አይመስልም። በላዩ ላይ ዘይት የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል፣ ከሥሩ የትንኝ ትል ጭራውን እየነቀነቀ ይዋኛል።

"ኦቦ ጋሩማ፣ ይህ ውኃ አይደፋም?" አልኩት፤ እኔ ኦቦ፣ እሱ አዴ እየተባባልን ነው የምንከባበረው።

"አዴ በዛብሽ፣ ወንዝ ይደፋል እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ለማየት ይመጣ ነበር። መሸሻ ነው የሚያመጣቸው፤ ጃንጥላው የእኔ ነው እያለ ግማሹን ባቡር የራሱ ያደርገዋል። አንዱ ወጣት በስልኩ እየቀረጸ፣ ለሚያየው ሁሉ ጋሩማን "የወለጋ የባቡር ሚኒስትር" እያለ ሲያላግጥበት ነበር፤ ጋሩማ ደግሞ ሙገሳ መስሎት ደረቱን ነፋ። ጫት በጉንጩ የያዘ አንድ ሹፌር ባቡሩ ድልድዩን ሲሻገር በደስታ ጮኸና አረንጓዴ ምራቁን ዲዴሳ ውስጥ ጢቅ አደረገ። ጋሩማ ባቡሩን መልሶ አስነሣለት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ።

ባለፈው ግንቦት ሲና ማርገዟ ተሰማ፤ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች ተባለ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚታረሰው። ሆስፒታል ብትወልድም ከዚያ ወደ እናቷ ትመጣለች፤ እናቷ ታጥባታለች፣ ገንፎ ታበላታለች። አማቷ ዘንድ ብትታረስ እናቷ ሞታለች ወይ ይባላል። ሎሚ ከዚያ ቀን ጀምራ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። የገብስ ዱቄቱን አስፈጨች፣ ቅቤውን በኮረሪማ አንጥራ አስቀመጠች፣ ያረጀ ነጠላ ለሕፃን መጠቅለያ እየቆረጠች ቀቀለች። የቀራት ክፍሏ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጥር ላይ ቆመን ቅቤ ስታሳየኝ ጋሩማ ከወፍጮ ቤት መጣ። ሎሚ ቅሉን አስቀመጠችና ዞረችበት።

"አባ ሲና፣ ክፍሉን መቼ ነው የምታወጣው?"

"ምን ማውጣት ያስፈልጋል? አልጋው ከሥሩ ይገባል።"

"ከምኑ ሥር?"

"ከጠረጴዛው ነዋ። ለክቼዋለሁ፣ ልክክ ይላል።"

"አራስ ልጄን ከጊምቢ ሥር ላስተኛት?"

"ጊምቢ በመስኮት በኩል አይደል እንዴ? ራስጌዋ ዲዴሳ ነው።"

ሎሚ ወደ እኔ ዞረች። "አዴ በዛብሽ፣ ይህን ሰው ስሚልኝ! ቀና ብትል በአናቷ ያን ሽንት የመሰለ ውኃ ሊደፋባት ነው።"

"አይደፋም፤ ዙሪያውን በሬንጅ አሽጌዋለሁ።"

"ሬንጁ ራስህ ላይ ይታሸግ!"

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ጋራውን ማፍረስ አልፈልግም ብሎ በቀጥታ አልተናገረም፤ ብቻ ዛሬ ነገ እያለ ሰኔ አለቀ።

ሐምሌ ሲገባ ጋራው ውስጥ ኮሽታ ተጀመረ። በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል፤ ቁርጥምጥም ያደርጋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሯሯጣል። ጋሩማ፣ "እንጨት ነው፤ እርጥበት ሲበዛ ይንጫጫል" አለ። እንጨት ግን አይሯሯጥም። ከዚያ ጋራው ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ማራገፍ ጀመረ፤ አረንጓዴው ቀለም አበጠ፣ እብጠቱም እንደ ቁስል ፈነዳ። ከፈነዳው ውስጥ ፀጉር ያበቀለ ሻጋታ ወጣ፤ ግራጫ፣ አንዳንዱ ቦታ ብርቱካንማ። ነቀዝ በሐዲዱ ላይ ተሰልፎ ይሄድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሐዲዱን ሲያሽ እሱንም አብሮ ያሸው ነበር መሰለኝ፤ ወረቀቱ ቡናማ ሆኖ አየሁት።

ነገሩ ያሳሰበው ግን አይጦቹ የዋሻውን አፍ በልተው ባሰፉበት ቀን ነው። መሸሻን አማከረ። መሸሻ ስለ ሁሉም ነገር የሚያውቀው ነገር አለው።

"መርዝ ስጣቸው። ሲበሉት ውስጣቸው ይቃጠላል፤ ውኃ ፍለጋ ወደ ውጭ ይወጡና እዚያው ሜዳ ላይ ይሞታሉ።"

"ቤት ውስጥ አይሞቱም?"

"ጋሩማ፣ አንተ ጠምቶህ ከቤትህ አትወጣም? አይጥ ካንተ ያንሳል?"

ከገበያ ያን ሮዝ ቀለም የተነከረ ስንዴ ገዝቶ በእንጨት እየገፋ ዋሻው ውስጥ አስገባ። ኮሽታው ጸጥ አለ። ጋሩማም ድል እንዳደረገ ሰው ደስ ብሎት ጋራውን እንደገና ቀባ። ማንም ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ አይጦቹ ውኃ ፍለጋ ወደ ውጭ መውጣት አላስፈለጋቸውም። ዲዴሳ ደጃቸው ነበር። ጠጥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሽታው መጀመሪያ ጣፋጭ ነገር ነበረው፤ የተበላሸ ሙዝ የመሰለ። በማግሥቱ ወፈረ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመስል መጻፍ አልፈልግም፤ ቅቤ አንጥሬ መቅመስ እስኪያቅተኝ ድረስ አፌ ውስጥ ገባ ብል ይበቃል። ዝናቡ ስለማያባራ መስኮት ከፍቶ ማናፈስም አልተቻለም። ጋሩማ በረኪና ረጨ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጣሳ አጨሰ። ሽታው በረኪናውንና ጭሱን ለበሰና የባሰ ሆነ።

ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ አንድ ጠዋት አጥሩ ላይ መጥቶ፣ በጣም በትሕትና፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣

"አዴ በዛብሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሽንት ቤትሽ ሳይሞላ አይቀርም" አለኝ።

ፊቴ ጋለ። ለሰው ሽታ የሆንኩ መስሎኝ አመድ አስደፋሁ፣ ኖራ አስበተንኩ፣ ጉድጓዱን በአዲስ ጣውላ አስከደንኩ። ሽታው እንዳለ ነው። ጃንጥላ ሊያመጣለት የመጣው መሸሻ የእኔንም የእሱንም ደጅ እንደ ውሻ እያሸተተ ዞረና፣

"ጋሩማ፣ የሴትዮዋ ሽንት ቤት የሽቶ ሱቅ ሆኗል። ሙታኑን ካንተ ቤት ፈልግ" አለው።

"አፍህን!" አለው ጋሩማ። ተቆጥቶ ሳይሆን ፈርቶ ነው። ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል፤ ግን ጋራውን ከፍቶ ከማየት አለማየትን መረጠ። ሲና ልትመጣ ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበርና፣ ነገሩን ብታውቅ ታብዳለች ብሎ ሎሚን "ይሄዳል፣ ይሄዳል" እያለ ያረጋጋታል። እኔን ከሬሳው ይልቅ ያስጠየፈኝ ይህ ነው። ሰው የገዛ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሸት እያወቀ አንሶላ ሲያነጥፍበት።

አንሶላ አንጥፎበታልና። ሲና በመጣችበት ቀን ከጠረጴዛው ሥር አልጋው ተዘርግቶ ነጭ አንሶላ ለብሷል፣ ወለሉ ተጠርጓል፣ ሐዲዱ ያበራል።

እሷና ኢቢሳ ከአውቶብስ ተራ በባጃጅ መጡ፤ ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርዳል። ሎሚ እልል አለች፣ እኔም ወጣሁ። ሲና ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ግን እንደ ሰም አብርቷል። እናቷን አቅፋ ገና ሳትለቃት አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ።

"አዮ፣ ማሊ ኩን? ምንድን ነው የሚሸተው?" አለቻት እናቷን።

ጋሩማ ፈጠን ብሎ የሲናን ክንድ ይዞ፣ "ነይ፣ ነይ የኔ ልጅ፣ ግቢማ። ከሄድሽ ወዲህ የሠራሁትን እይ፤ እስከ ጊምቢ ደርሷል እኮ" እያለ አስገባት። ተከትለን በሩ ላይ ቆምን። ሲና የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አባቷን ላለማሳዘን ነው የተቀመጠችው። ኢቢሳ ሻንጣውን መሬት ላይ ማስቀመጥ ፈርቶ እንደያዘው ቆመ።

ጋሩማ ሽቦውን ከባትሪው ጋር አገናኘ። ባቡሩ ከነቀምቴ ተነሣ። ድልድዩን ተሻገረ፣ ጋራው ውስጥ ገባ።

አልወጣም። ሞተሩ ይሰማል፤ ሲያጓራ፣ ሲያቃስት። ሐዲዱ ላይ ያለ ነገር የተቃጠለ መሰለና ከዋሻው አፍ ቀጭን ጭስ ብቅ አለ።

"ተንሸራቶ ነው" አለ ጋሩማ። እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን እስከ ብብቱ ዋሻው ውስጥ ከተተ። ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ፈገግ ብሎ ነበር። እጁ አንድ ነገር ሲነካ ፈገግታው ባለበት ቀረ። ቢተወው ይሻል ነበር፤ ግን ባቡሩን ጨብጦ ነበርና ሳበው።

ባቡሩ ወጣ። በፊቱ ላይ ፀጉር ያለው ቆዳ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል፣ ከኋላው ጭራ ይጎተታል፣ በሳርዲኑ መስኮቶች ነጫጭ ትል ይገባል ይወጣል። አንዱ ትል ከጋሩማ የእጅ አንጓ ላይ ወርዶ ነጩ አንሶላ ላይ፣ ከሲና ጭን አጠገብ ወደቀ።

ሲና ለመነሣት ስትሞክር ጠረጴዛው አናቷን መታት። ከሥሩ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ስትል ያገኘችው ዕቃ የዲዴሳ ትሪ ነበር፤ ያላትን ሁሉ እዚያ ውስጥ አስመለሰች። ከዚያ አፏን እየጠረገች፣ ማንንም ሳታይ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። እኔ ቤት ወስጄ አስቀመጥኳት፤ ውኃ ስሰጣት እንኳ ብርጭቆውን አሽታ ነው የጠጣችው።

ኢቢሳና ሎሚ ተከትለውን መጡ። ልጁ ጨዋ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ለሎሚ፣

"እማዬ፣ አይቆጡኝና፣ ጊምቢ እናቴ ክፍል አዘጋጅታለች። ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እንመለስ" አላት።

ሎሚ የምትይዘውን አጣች። ቅቤው፣ ገብሱ፣ የተቀቀሉት መጠቅለያዎች፣ ለመዘምራኑ ሁሉ የተናገረችው ወሬ፣ ሁሉም ፊቷ ላይ አለፉ። ልጇን አየቻት።

"ሲና፣ ምን ትያለሽ?"

"አዮ፣ እኔ እዚያ ክፍል ከምተኛ ሜዳ ላይ ብወልድ ይሻለኛል" አለች ሲና፣ እያለቀሰች።

ጋሩማ የእኔ ቤት በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ክንዱን አልታጠበም፤ ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል። ወደ ቤቱ ዞረ።

የወፍጮ ድንጋይ ሲደንዝ የሚወቀርበት ሹል መዶሻ አለው። እሱን ይዞ ገባ። ከዚያ የሰማሁት የአንድ ምት ድምፅ ነው፤ ድው ያለ አልነበረም፤ ጭቃ ውስጥ እንደወደቀ ነገር ጥብ አለ። ጋራው ላዩ ብቻ ነበር ጠንካራ። ሎሚ ልታግዘው ስትገባ አስወጣት። መሸሻ ወሬ ሰምቶ መጣና በሩ ላይ፣

"ጊምቢ ፈረሰች ወይስ ነቀምቴም አልቀረላትም?" አለ።

ጋሩማ ወጥቶ ጆንያ አስያዘው። መሸሻ ጆንያው ውስጥ ዓይኑን ጣል አደረገና ጆንያውን ከሰውነቱ አርቆ እየተሸከመ ወደ ጓሮ ተመላለሰ።

ስለ ውስጡ ጋሩማ ራሱ ነው በኋላ የነገረን። ጋዜጣው ተቦጫጭቆ ጎጆ ሆኗል። በጎጆው ውስጥ ዓይናቸው ያልተከፈተ፣ ጣት የሚያህሉ ልጆች ከእናታቸው ጋር ተጣብቀው ቀልጠዋል። የተቦካው ዱቄት እንደገና ቦክቶ፣ ኮምጥጦ፣ ሲነካ አረፋ ይተፋል። "እንደ ጠላ ይተነፍስ ነበር" አለ። ከዚያ ወዲህ ጠላ ሲቀርብልኝ እምቢ እላለሁ።

ሁሉንም ጓሮ ቀበረው፤ ጋራውን፣ ዲዴሳን፣ አንሶላውን። ባቡሩን በሳሙና አጠበው፣ በበረኪና ዘፈዘፈው፣ ደግሞ አጠበው። ከዚያ እሱንም ጉድጓዱ ውስጥ ጣለው።

"ብረት እኮ ነው፤ ንጹሕ ሆኗል" አለችው ሎሚ፤ አሳዝኗት ይመስለኛል።

"እጄ አልነካ አለ" አላት።

ይህ ሁሉ ሆኖም ክፍሉ ይሸት ነበር። የጭቃ ግድግዳ የሚጠጣውን ነገር ቶሎ አይተፋም። ግድግዳውን ፍቆ በእበትና በጭድ እንደገና ሊመርገው ተነሣ፤ ግን በሐምሌ ዝናብ ምርጊት መቼ ይደርቃል? መሸ። ሲና እኔ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች፣ ኢቢሳ የጠዋቱን መኪና ያስባል።

ሎሚ የራሷን መኝታ ቤት በር ከፈተች። የጋሩማን ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ ካፖርት፣ ጫማ አንድ በአንድ እያወጣች እጁ ላይ ቆለለችው።

"ልጄ እዚህ ከእኔ ጋር ትተኛለች። አንተ እዚያ" አለች።

"እዚያ? ሀደ ሲና፣ ምርጊቱ እርጥብ ነው። ሽታውስ?"

"ይሄዳል ብለህ አራስ ልጄን ልታስተኛበት አልነበረ? ላንተማ እንዴት ይሸታል?"

ዕቃውን ይዞ ገባ። ሲና ተጠርታ መጣች፤ የእናቷን መኝታ ቤት ዞራ አሸተተች፣ ፍራሹን ገልጣ አየች፣ ከአልጋው ሥር ሳይቀር በባትሪ ተመለከተች። ከዚያ ሻሿን ከአፍንጫዋ አወረደች። በማግሥቱ ኢቢሳ ብቻውን ወደ ጊምቢ ተመለሰ።

ክረምቱን ሁሉ ጋሩማ እርጥቡ ክፍል ውስጥ ከረመ። ጠዋት ሲወጣ ዓይኑ ቀይ ነው፤ ምግብ ሲቀርብለት አስቀድሞ ጣቶቹን ያሸታል። ወፍጮ ቤት ሄዶ ጥራጊውን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ለዶሮ ጠርጎ ይሰጣል፤ እጁ ላይ የቀረውን ዱቄት ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ ነው የሚመጣው። ሎሚ ልብስህን አራግፍ ብላ መጮህ አላስፈለጋትም።

ሲና ሆስፒታል ወለደች፤ ሴት ናት። እናቷ ቤት ታረሰች። መዘምራኑ መጡ፣ ዘመሩ፣ ገንፎ በሉ፤ በዚያች ክፍል በኩል ግን ያለፈ ሰው አልነበረም። ጋሩማ ልጂቱን በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚያያት። ግባ ያለው የለም፤ እሱም አልጠየቀም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ገንፎ ይዤ ገብቼ ነበር። ሲና ልጇን አጥብታ ትከሻዋ ላይ አድርጋለች። ጋሩማ ከሥራ መጥቶ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። እጁ እስከ ክርኑ ከመታጠብ ብዛት ነጥቷል። ልጂቱን ያያል፣ ወለሉን ያያል።

ሲና ልጂቱን ከትከሻዋ አወረደች።

"አባ፣ ልትይዛት ትፈልጋለህ?" አለችው።

"እፈልጋለሁ እንጂ የኔ ልጅ።"

"ሸሚዝህን አውልቅ። ከዚያ ክፍል የመጣ ነው።"

እዚያው በሩ ላይ፣ በእኔም በሎሚም ፊት፣ ሸሚዙን አወለቀና ውጭ ወረወረው። ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ አልጋው ጎንበስ አለ። ሲና ልጂቱን አልሰጠችውም፤ አንገቷን አስግጋ ደረቱን አሸተተች።

"ካናቴራውንም" አለችው።